ወደ አመዱ የላካችሁት ሰው

የጊንጆ ጉዱሩ ሰዎች፣ የሂርማታ ነጋዴዎች፣ የጅማ ሹማምንት፣ የአጋሮና የየቡ፣ የሊሙ ገነትና የሰቃ የቡና ባለቤቶች፤ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ነው፤ ስሙት።

እሳት ሲነሣ ደጎች ናችሁ። ባልዲና ጀሪካን ይዛችሁ ትሮጣላችሁ፤ የጎረቤታችሁን ልጅ ከነበልባል ታወጣላችሁ፤ ቤት ለተቃጠለበት ገንዘብና እህል ታዋጣላችሁ። እሳቱ ሲጠፋ ግን ልባችሁ ይቀዘቅዛል። በነጋታው ጭሱ ከፍርስራሹ ሳያባራ አንድ ሰው ወደ አመዱ ትልካላችሁ። ከየት ጀመረ? ሰው ለኮሰው ወይስ ሽቦ ነው? ምድጃ ነው ወይስ ሻማ? መልሱን ከአመድ ቆፍሮ እንዲያመጣላችሁ ታዝዙታላችሁ። አፍንጫውንና አፉን በምን እንደሸፈነ አልጠየቃችሁም። ጥላሸት የጠጣ ልብሱን የት እንደሚያጥብ አልጠየቃችሁም። ከዓመታት በኋላ ደም ሲሸና፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው፣ ማን እንደሚያሳክመው አልጠየቃችሁም። የምገሥጻችሁ ስለዚህ ነው፤ እውነቱን ከእርሱ ተቀብላችሁ በሽታውን ለእርሱ ብቻ ትታችኋል።

ይህ ሰው ማን ነው? አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ሌሊቱን ሲያጠፋ ያደረውን ቃጠሎ ጠዋት መንስኤውን ፈልግ ይባላል። ሌላው የወንጀል ቦታ መርማሪ ፖሊስ ነው፤ ከከሰለው ወለል ላይ ናሙና እየጫረ ይቋጥራል። ሌላው ቆጣሪና ሽቦ የሚመረምር የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ሌላው የመድን ድርጅት ገማች፣ ሌላው የቀለጠውን ቆርቆሮ በአካፋ የሚያገላብጥ የቀን ሠራተኛ ነው። መታወቂያቸውና ደመወዛቸው ይለያያል፤ የሚተነፍሱት አየር ግን አንድ ነው።

የሚሠራላችሁን አስቡ። እርሱ መንስኤውን ካላወቀ የመድን ገንዘባችሁ ይታገዳል። እርሱ እውነቱን ካላገኘ በጎረቤት ጥርጣሬ የታሰረ ንጹሕ ሰው አይፈታም፤ ቤት ያቃጠለ ወንጀለኛም በነፃ ይሄዳል። እርሱ የተበላሸችውን ሶኬት ካላሳየ የሚቀጥለው እሳት ከዚያችው ዓይነት ሶኬት ይነሣል። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት እሳት ሲነሣ አገር ሁሉ መንስኤው ምንድን ነው ብሎ ጠይቋል። ጥያቄውን የሁላችን አፍ ይጠይቀዋል፤ መልሱን ግን የጥቂት ሰዎች ሳንባ ይከፍልበታል።

“እሳቱ ጠፍቷል፤ ምን አደጋ አለው?” ትላላችሁ። ይህ አነጋገር ሰው ይገድላል። ነበልባሉ የሞተ ፍም በትንሽ አየር እየጤሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል፤ ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ሲመጣ አይታወቅም። የቡና ገለባና ጆንያ የተከመረበት መጋዘን ላይ ላዩን ጠፍቶ ውስጥ ውስጡን ለቀናት ሊጤስ ይችላል። የፍራሽና የሶፋ ስፖንጅ ሲቃጠል ሳይናይድ ይወጣዋል። የጅማን ወንበርና ቁም ሣጥን የሚያሳምሩት ቫርኒሽ፣ ቀለምና ማጣበቂያ፣ የሽቦው ፕላስቲክ ሽፋን፣ የውኃው ቱቦ፣ ሲነዱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መርዝ ይለቃሉ። በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ አስቤስቶስ ካለ ደግሞ ክዳኑ ሲሰባበር ዓይን የማያየው ክሩ ከአመዱ ጋር ይቀላቀላል።

መርማሪው ወደዚህ ይገባል። ገብቶም ቆሞ አያይም፤ ይንበረከካል፣ ይጭራል፣ አመዱን በወንፊት ይነፋል። የተኛውን ብናኝ በገዛ እጁ መልሶ ያስነሣዋል። ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰው ብናኝ በአፍንጫ ፀጉር አይያዝም፤ እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል። ጥላሸቱ አንገቱ ላይ፣ አንጓው ላይ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ውስጥ ይለጠፋል፤ ላብ ባራሰው ቆዳም በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። እሳቱን ያጠፋው ሰው ምናልባት የአየር ሲሊንደር አዝሎ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይሆናል፤ መርማሪው ግን ራቁት ፊቱን ሰጥቶ ሰዓታት ይቆያል። በጅማ ቤት ሁሉ ቡና ሲቆላ ጭሱ ለእንግዳ ይዞራል፤ በዚያ ጭስ ያደገ ሰው የፍርስራሹንም ጭስ እንደ ቡና ጭስ ይንቀዋል። አትናቁት፤ አንዱ የክብር ጭስ ነው፣ ሌላው የሞት።

ይህን የምለው ከራሴ አይደለም። ጥላሸት ካንሰር እንደሚያመጣ ከታወቀ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ እ.ኤ.አ. በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለ የለንደን ሐኪም የጭስ ማውጫ የሚጠርጉ ልጆች ሲያድጉ በዘር ፍሬ ከረጢት ካንሰር እንደሚያዙ ጽፏል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከስምንት አገሮች የተውጣጡ 25 ሳይንቲስቶች በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ጥሪ ተሰብስበው የእሳት አደጋ ሠራተኝነት በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በመጨረሻው የእርግጠኝነት ደረጃ፣ በምድብ 1፣ ወሰኑ። ሲጋራና አስቤስቶስ ያሉበት ምድብ ነው። ሜሶቴልዮማ ለተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰርና ለፊኛ ካንሰር በቂ ማስረጃ አገኙ፤ ለትልቁ አንጀት፣ ለፕሮስቴት፣ ለዘር ፍሬ፣ ለሜላኖማና ለሊምፎማ ደግሞ ውስን ማስረጃ። በዚያው ሳምንት የዓለም ሥራ ድርጅት ጉባኤ ጤናማና ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች መካከል አስቀመጠው። አንዱ ስብሰባ በሽታውን ስም ሰጠው፤ ሌላው ግዴታውን። ከዚያ ወዲህ አላወቅንም የሚል ሹም ሰበብ የለውም።

ሕግ የለንም አትበሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኛ መብት መሆኑን ደንግጓል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን 155ኛ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አደጋውን እንዲያስተምር፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያለውን ሠራተኛ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዝዛል። በአንቀጽ 98 ደግሞ ትልቅ ነገር አለ። በሽታው በሰንጠረዥ ከተዘረዘረና ሠራተኛው በሰንጠረዡ በተመለከተው ሥራ ላይ ከነበረ፣ በሽታው ከሥራው ለመምጣቱ ይኸው ራሱ በቂ ማስረጃ ነው። በአንድ ሙያ ያሉትን ብቻ አዘውትሮ የሚያጠቃ በሽታም ከሥራው እንደመጣ ይገመታል። የታመመ ሰው ሳንባውን ይዞ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እንዳይንከራተት የታሰበ ድንጋጌ ነው።

የዚህን ድንጋጌ ዋጋ በገንዘብ እዩት። በሽታው ተራ ሕመም ከተባለ፣ በዚሁ አዋጅ የአንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሁለት ወር ግማሽ ደመወዝ፣ የሦስት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ቤት ነው። ከሥራ የመጣ በሽታ ከተባለ ግን ሕክምናውና መድኃኒቱ በአሠሪው ላይ ይሆናል፤ የአካል ጉዳት ካሳ ይከተላል፤ ከሞተም ለሚስቱና ለልጆቹ ይተርፋል። በአንዲት የምስክር ወረቀት ላይ በምትጻፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቤተሰብ ይቆማል ወይም ይፈርሳል።

ነገር ግን ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛንና ፖሊስን አያቅፍም። አመዱን የሚጭሩት ደግሞ አብዛኞቹ እነርሱ ናቸው። የእነርሱ ነገር በሲቪል ሰርቪስ ሕጎች፣ በፖሊስ ደንቦችና በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ይታያል። እነዚህም በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ያውቃሉ። ከደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሰው ጉዳቱ ቀን አለው፣ ምስክር አለው፣ ኤክስሬይ አለው። በሽታ ግን በዚህ ቀን መጣሁ አይልም። ሜሶቴልዮማ ሰው አስቤስቶስ ከተነፈሰ ከሃያ እስከ ሃምሳ ዓመት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ፣ አለቃው ሞቶ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ተበትነው ይታመማል። የሐኪሞች ቦርድ ፊት ቀርቦ “ከሥራህ እንደመጣ በምን እናውቃለን?” ሲባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ወረቀት የነሣችሁት እናንተ ናችሁ። ለአንድ ፈረሱላ ቡና መዝገብ አላችሁ፤ ከየት ቀበሌ እንደመጣ፣ ስንት እንደመዘነ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው መጋዘን እንዳደረ ትጽፋላችሁ። አንድ ኪሎ ቢጎድል ዘበኛ ይጠየቃል፣ መዛኝ ይከሰሳል። ወደ አመዱ የገባው ሰው ግን በየትኛው ቀን፣ ወደ የትኛው ቃጠሎ፣ ለስንት ሰዓት፣ ምን ለብሶ እንደገባ የጻፈ ማነው? ቡናችሁን ለሚገዛው ለባሕር ማዶ ሰው የምትሰጡትን ያህል ማስረጃ ሕይወቱን ለሰጣችሁ ለአገራችሁ ልጅ ነፈጋችሁት።

ሌላው ዓለም ወደዚህ ደርሶ አልፏል። በካናዳ የማኒቶባ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2002 የእሳት አደጋ ሠራተኛ በተወሰኑ ካንሰሮች ሲያዝ በሽታው ከሥራው እንደመጣ የሚገመትበትን ሕግ አወጣ። የዚያው አገር ክፍለ ግዛት ኦንታሪዮ በዚህ ዓይነት ሕጉ ውስጥ የእሳት መርማሪዎችን በስማቸው ጠርቶ አስገባ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለራሱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተመሳሳይ ሕግ አጸደቀ። እነዚህ አገሮች ይህን ያደረጉት በችሮታ አይደለም፤ ባልቴቶችና ሠራተኞች ለዓመታት ስለጮኹ ነው። በእኛ ዘንድ የሚጮኽ የጠፋው የሚታመም ስለሌለ አይምሰላችሁ።

ሰበባችሁን አውቀዋለሁ። “ድሆች ነን” ትላላችሁ። ጓንትና የብናኝ ማጣሪያ ጭንብል ለጥቂት ሰዎች መግዛት ያቃተው ከተማ ለስብሰባ ድንኳንና ለአበል ገንዘብ አያጣም። መዝገብ ለመያዝ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ልብስ በሥራ ቦታ ለማጠብ ቧንቧና ሳሙና ይበቃል። “ሲጋራ ያጨስ ነበር፤ ጫት ይቅም ነበር” ትላላችሁ። የሟችን ኃጢአት እየቆጠሩ የራስን መሸፈን ነው፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የበለጠ ጥበቃ ያስፈልገዋል እንጂ መብቱ አይቀንስም። “እርሱ ራሱ አላጉረመረመም” ትላላችሁ። እንጀራው በእጃችሁ ላይ የሆነ ሰው እንዴት ያጉረመርማል? ዝምታውን ፈቃድ አድርጋችሁ አትቁጠሩ።

የከተማው ሹማምንት ሆይ! የሙሴ ሕግ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣሪያው መከታ እንዲያደርግ አዝዟል፤ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ልብ በሉ፤ የወደቀውን ሰው አልወቀሰም፣ መከታ ያላደረገውን እንጂ። እናንተም ሰውን ወደ አመድ ስትልኩ መከታውን አስቀድማችሁ የማቆም ግዴታ አለባችሁ። ጭንብል የሌለው ሰው ወደ ፍርስራሽ አይግባ። ፍሙ በደንብ ቀዝቅዞ፣ አየሩ ተናፍሶ፣ መብራት ከዋናው መስመር ተቆርጦ ካልሆነ ማንም አይግባ። ሪፖርቱ በዘገየ ጊዜ ስልክ እየደወላችሁ “ቶሎ በል” የምትሉት አፍ ይዘጋ፤ የአንድ ቀን መዘግየት ማንንም አልገደለም።

የቡና መጋዘንና የመድን ድርጅት ባለቤቶች ሆይ! ከእሳት በኋላ የቀን ሠራተኛ ጠርታችሁ “ያልተቃጠለውን ለይ” ስትሉት በአዋጁ አሠሪው ናችሁ። በቀን ሂሳብ ስለቀጠራችሁት ሳንባው የቀን ሂሳብ አይሆንም። ገማቾቻችሁን በሸሚዝና በጫማ ወደ ከሰለ መጋዘን አትላኩ። የሠራተኛን ላብ ሳይደርቅ መክፈል በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ተሰብኳል፤ ጤናውን ቀምቶ ላቡን መክፈል ግን ጽድቅ አይባልም።

የጅማ የሕክምናና የጤና መምህራን ሆይ! የተማራችሁበትና የምታስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ ከማኅበረሰቡ ጋር ነኝ የሚል ነው፤ ተማሪዎቻችሁን ቤት ለቤት ልካችሁ መጸዳጃ ቤት ቆጥራችኋል፣ የሕፃን ክብደት መዝናችኋል። ወደ እሳት አደጋ ጣቢያውም ሂዱ። የሳንባ አቅም መለካት፣ ሽንት መመርመር፣ ደም መውሰድ ለእናንተ ቀላል ነው። የአርባ ዓመት ሰው ደም ሸናሁ ብሎ ሲመጣ ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ክኒን ሰጥታችሁ ከመሸኘታችሁ በፊት “ምን ትሠራለህ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ ጻፉ። ያ ጽሕፈት ከዓመታት በኋላ ብቸኛ ምስክሩ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከዚህ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረፋ የጠበቀ በሽተኛ ያውቀዋል። በሽታው ሳይገፋ ማግኘት የእናንተ ሥራ ነው።

እናንተ መርማሪዎችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሆይ! እናንተም ከተግሣጽ አታመልጡም። የጠቆረ ፊታችሁን እንደ ሜዳልያ ይዛችሁ አትመለሱ። ያንን ልብስ እንደለበሳችሁ ልጃችሁን አትቀፉ፤ ለሚስታችሁም አጥቢው ብላችሁ አትስጡ፤ ጥላሸቱ በእጇ በኩል ወደ እርሷ ይሻገራል። በፍርስራሹ ውስጥ ቆማችሁ ዳቦ አትብሉ፣ ሲጋራ አትለኩሱ፤ የነካችሁትን ሁሉ ትውጡታላችሁና። በጨርቅ አፍን መሸፈን ጋዝ አያግድም፤ የሕክምና ማስክም አያግድም። ከአመዱ ስትወጡ ወዲያውኑ ፊትን፣ አንገትን፣ እጅን ታጠቡ፤ ልብሱን በተዘጋ ከረጢት ያዙ። ጀግንነት በእሳት ውስጥ ይታያል፤ በአመድ ውስጥ ግን ጥንቃቄ የሌለው ሰው ጀግና አይባልም፣ ቤተሰቡን ይበድላል እንጂ። ያያችሁት የሕፃን ሬሳ እንቅልፍ ከነሣችሁም ለሐኪም ተናገሩ፤ ይህም የሥራ ጉዳት ነው።

የሰፈር ሰዎች ሆይ! የእሳት መኪና ስትመጣ ዘገያችሁ ብላችሁ ትሳደባላችሁ፤ ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ልጆቻችሁን ሚስማርና ቆርቆሮ ልቀሙ ብላችሁ ወደዚያው አመድ ትልካላችሁ። ሁለቱንም ተዉ። ልጆቻችሁን ከፍርስራሽ አርቁ፤ መቆጣት ካለባችሁ ሠራተኞቹን ሳይሆን ያለ ጭንብል የላካቸውን ተቆጡ።

አሁን ንስሐ በሉት፣ ተውበት በሉት፣ ተመለሱ። ደረት መድቃት አይበቃም፤ በደልን ማመን፣ የተወሰደውን መመለስ፣ መንገድን መለወጥ ያስፈልጋል። ማመን ማለት ባለፉት ዓመታት ወደ አመድ የገቡትን፣ ዛሬ ጡረታ የወጡትንም ጭምር፣ በስማቸው መዝግቦ ማስመርመር ነው። መመለስ ማለት ከመካከላቸው የታመመ ካለ ማስረጃ አምጣ ሳትሉት አብራችሁት ቦርድ ፊት መቆም፣ የነበረበትን ቃጠሎ ሁሉ መመስከር ነው። መለወጥ ማለት ከዛሬ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቃጠሎ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተቃጠለው ዕቃ፣ የገባው ሰው፣ የቆየበት ሰዓትና የለበሰው መከላከያ የሚጻፍበት መዝገብ መክፈት ነው፤ ከቅጂውም አንዱን ለሠራተኛው መስጠት ነው። መርማሪው ሥራ ሲጀምርና በየዓመቱ ይመርመር፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ምርመራው አይቋረጥ። የሕግ ሰዎች ደግሞ የጭስና የጥላሸት ሥራ የሚያመጣቸው ካንሰሮች በሥራ በሽታዎች ሰንጠረዥ በግልጽ መስፈራቸውን ያረጋግጡ፤ አንቀጽ 98 ለፋብሪካ ሠራተኛ የሰጠውን ግምት ለመንግሥት ሠራተኛውና ለፖሊሱም ያውርሱ። የማስረጃው ሸክም ከበሽተኛው ትከሻ ወርዶ በላኪው ትከሻ ላይ ይሁን።

“ሳይቃጠል በቅጠል” እያላችሁ ትተርታላችሁ። ተረቱ ለቤት ብቻ አልተነገረም፤ ለሰው ገላም ነው። በጋው ሲገባ እንጨቱ ይደርቃል፣ የቡናው ገለባ ይከመራል፣ ገበያው ይሞላል፤ እሳትም ይነሣል። ያን ጊዜ አንድን ሰው ጠርታችሁ ወደ አመዱ ግባ ከማለታችሁ በፊት ጭንብሉን ስጡት፣ ስሙን በመዝገብ ጻፉ። ይህን ሳታደርጉ ከላካችሁት፣ በሽታው ከሃያ ዓመት በኋላ ቢመጣም የላካችሁት እናንተ ናችሁ፤ ደሙም ከእጃችሁ ይፈለጋል።